ከ«ልኝ» ወደ «ልን»

ሐዋሳ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት ያለው ሰው የከተማዋን ሆድ ያውቃል። ማን ቤቱን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ ማን ከማን ጋር ፍርድ ቤት እንደቆመ፣ የማን ልጅ ውጤት እንዳልመጣለት፣ ሁሉም በማሽኑ በኩል ያልፋል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ሲጠፋ መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ያገለገለ ፎቶኮፒ ማሽንና ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ይዘን የተማሪ ሃንድአውት እያባዛን እንኖራለን ብለን ነበር። እንጀራ የሆነን ግን ማመልከቻ ነው።

ማመልከቻ የራሱ ቋንቋ አለው። «ለ» ይልና የቢሮው ስም ይከተላል። ከዚያ «ጉዳዩ» ይመጣል። ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይባላል፣ ምንም የተሞከረ ነገር ባይኖርም። መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፤ «እንዲደረግልኝ ስል በትህትና አመለክታለሁ።» ይቀነስልኝ፣ ይታይልኝ፣ ይራዘምልኝ፣ ይቅርልኝ። ዓይናችንን ጨፍነን ኪቦርዱ ላይ የምናገኛት ቃል ብትኖር «ልኝ» ናት። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለ እሷ ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. «ልኝ» ገበያዋ ደራ። በዚያ ክረምት ለደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ደረሳቸው። ለማታስታውሱ ባጭሩ እንንገራችሁ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። ዓመታዊ ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ ሀ፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ ለ፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ሐ። ደረጃ ሐ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር። ስለዚህ ገማች ሱቁ ድረስ መጥቶ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» ይል ነበር፣ ግብሩም ከዚያ ይሰላ ነበር። ለዓመታት ሳይታደስ የቆየ ግምት በአንድ ጊዜ ሲታደስ የብዙ ሰው ቁጥር ጣራ ነካ። አምቦና ወሊሶ ሱቆች ተዘጉ። አዲስ አበባም በአንዳንድ ሰፈሮች ነጋዴው በሩን ቆልፎ ዋለ። እኛ ቤት ደግሞ ወረፋ ሆነ።

ጸጉር አስተካካዩ መጣ። ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ መጡ። ጫማ የሚሰፋው ልጅ መጣ። ሁሉም የሚነግሩን ታሪክ አንድ ነው፤ ገማቹ የመጣው ገበያ በደራበት ቀን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን እንደሸጥኩ ተቆጠረብኝ። ለሁሉም የጻፍነው ደብዳቤም አንድ ነበር። ስም፣ የሱቅ ቁጥርና የብር መጠን እየቀየርን ማተም ነው። አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ «ይኼ ሁሉ ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ ለምን አንድ ወረቀት አይበቃውም?» ብሎ ጠየቀ። «ገበያችንን አትዝጋብን» ብለን ሳቅን። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም።

ካመለከቱት ውስጥ የተቀነሰላቸው አሉ፣ ያልተቀነሰላቸውም አሉ። የተቀነሰለት እፎይ ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። የግምቱ ስልት ግን አልተነካም። በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ ይታሰባል? ከሽያጩ ስንት እጁ ትርፍ ነው ይባላል? ክረምትና በጋ እኩል ናቸው? አንድ ሰው ብቻውን ስለ ራሱ ብር ማመልከት ይችላል፤ ስለ ስሌቱ ቢናገር ግን «አንተ ማነህ?» ይባላል። «ልኝ» የምታስተካክለው የአንድ ሰው ቁጥር ነው። ደንቡን የምትነካው «ልን» ናት።

ይኸውላችሁ፣ «ልን» የሚል ቤት በሕግ አለ። ንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤት ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። አሁን የምናውቀውን ቅርጽ የሰጠው በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት በከተማ ደረጃ፣ በክልል ደረጃና በአገር ደረጃ ምክር ቤቶች ይኖራሉ። ነጋዴው በንግድ ምክር ቤት፣ አምራቹና ሌላው ባለሙያ በየዘርፍ ማህበሩ በኩል ይገባል። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። ሥራውም በአጭሩ የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ በመንግሥትና በንግዱ ማህበረሰብ መካከል ድልድይ መሆን ነው። ሐዋሳም የራሷ ምክር ቤት አላት። በእኛ እድሜ ያለ ሰው ስለ ምክር ቤት ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ የሚመጣለት ባዛር ነው። ድንኳን፣ የፕላስቲክ እቃ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ሙዚቃ።

ጎረቤታችን ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግዱ ጋሼ ናቸው። የሦስት መንግሥት ግብር የከፈሉ ሰው ናቸው። ጠየቅናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የምክር ቤቱ አባል ነዎት?»

«ድሮ ነበርኩ ልጆቼ። መታወቂያው አሁንም እቤት አለ።»

«ለምን ተዉት ታዲያ?»

«ምን ያደርግልኛል?»

አያችሁ፣ እዚያም «ልኝ» ገባች። ቀጥለው የተናገሩት ግን እስከዛሬ ያሳስበናል። «ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብቻህን ሄደህ ስትለምን ያዝንልሃል። ተሰብስበህ ስትመጣ ይጠረጥርሃል።»

ይህ የፈሪ ወሬ አይደለም፣ የኖረ ሰው ስሌት ነው። በአገራችን ደጅ መጥናት የቆየ ሙያ ነው። ባለጉዳዩ ኮቱን ለብሶ፣ ዘመድ ፈልጎ፣ ቀን መርጦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይገባል። ያገኘውን ይዞ በጓሮ በር ይወጣል፣ ለጎረቤቱም አይናገርም። ምክንያቱም ለጎረቤቱ ከተናገረ ጎረቤቱም ይመጣል፤ ሁለት ከሆኑ ደግሞ ምሕረቱ ይቆማል። ደጅ ጥናት ብቸኝነትን ይጠይቃል። ለዚህ ነው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በየስብሰባው እየጠቀስን የአባልነት መዋጮ ሲጠየቅ ኪሳችንን የምንዳብሰው።

ለአባል መሟገት ከደጅ ጥናት የሚለየው በምንድን ነው? በጩኸት አይደለም። ማህበሩ መጀመሪያ አባላቱን ይጠይቃል፤ ምን አስቸገራችሁ፣ መቼ ጀመረ፣ ስንት አከሰራችሁ? ከዚያ የግል ብሶቱን ከጋራ ችግር ይለያል። የአንዱ ሱቅ ጣራ ማፍሰስ ፖሊሲ አይደለም፤ የሁሉም ፈቃድ እድሳት ወራት መፍጀት ፖሊሲ ነው። ከዚያ አስጠንቶ ከቁጥርና ከመፍትሄ ጋር የአቋም ጽሁፍ ያዘጋጃል። መፍትሄው የመንግሥትንም ጥያቄ መመለስ አለበት፤ «ግብር አትሰብስቡ» ማለት መፍትሄ አይሆንም፣ «በዚህ መንገድ ብትሰበስቡ እናንተም ታገኛላችሁ እኛም አንዘጋም» ማለት ግን ይሆናል። ከዚያ ረቂቁ ሳይጸድቅ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ የተባለው መደረጉን መከታተልና ለአባላት መንገር።

ጠረጴዛው ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤት ከንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ተመሠረተ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነጋዴው ችግሩን አስጠንቶ ያቀርባል፣ መንግሥት ይመልሳል፣ በአገር ደረጃም በክልልም። ድክመቱ ግን ከጋሼ ንግግር ጋር ይገናኛል። ስብሰባውን የሚጠራው፣ የሚያራዝመው፣ የሚመልሰውም መንግሥት ከሆነ መድረክም ደጅ ይሆናል፤ ልዩነቱ ሻይ መቅረቡ ብቻ ነው።

ሳይማከሩ ሲወሰን ምን እንደሚመጣ ለማየት ከዚያ ብዙም አልራቅንም። በታህሳስ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ዳቦ፣ ሥጋ፣ ዘይትና ስኳርን ጨምሮ ከደርዘን በላይ በሆኑ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ኑሮው ከብዶ ነበር፣ ሕዝቡም ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ግን እቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ከወራት በኋላ ጣሪያው ከጥቂት ሸቀጦች በቀር ተነሳ። ስግብግብ ነጋዴ አልነበረም አንልም፣ ነበረ። ነገር ግን አንድ ሱቅ ዘይቱን ስንት እንደሚረከብ፣ ከመርካቶ ሐዋሳ ለማድረስ ጭነቱ ስንት እንደሆነ፣ እግረ መንገዱን ስንቱ እንደሚፈስ የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ያ እውቀት በወቅቱ ካልቀረበ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በግምት ይሠራል። የግምት ሥራ ደግሞ የሚጎዳው ነጋዴውን ብቻ አይደለም፤ ዘይት ፍለጋ ሲዞሩ የዋሉት እናቶቻችን ናቸው።

ማህበር ጠንካራ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። እዚያ የገቡት ፋብሪካዎች የራሳቸው የባለሀብቶች ማህበር አላቸው። ሲቸገሩ ማመልከቻ ሊያስጽፉ እኛ ቤት አይመጡም። ጠበቃ አላቸው፣ የሒሳብ ባለሙያ አላቸው፣ የሚኒስትር ስልክ ያነሳላቸዋል። እንዲያም ሆኖ ማህበር ሁሉን አይችልም። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ አምራቹም መንግሥትም «የሥራ እድል ይጠፋል» ብለው ተከራክረዋል። አልሆነም። ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ገና ከዚያ በፊት፣ በኅዳር ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ያ ክርክር ሲደረግ የተጠቀሰው የፓርኩ ወጣት ሴቶች ሥራ ነበር። ልጆቹን እናውቃቸዋለን፤ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ሊያስደርጉ እኛ ቤት ይመጣሉ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የእነዚህ ልጆች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት በዝምታ አለፉ። የአሠሪ ማህበር ስለ ሥራቸው ይናገራል፤ ስለ ደመወዛቸው እንዲናገርላቸው ግን አንጠብቅም፣ አባላቱ እነሱ አይደሉምና። ማህበር የሚሟገተው ለአባሉ ነው። ስለዚህ «ልን» በተባለ ቁጥር «እናንተ ማን ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሱቅ ያለው ሲሰበሰብ ጉልት የምትቸረችረው የት ናት? ዓሣ የሚሸጠውስ? ባለ ባጃጁስ?

ለጎረቤት አገርም እንይ። እኛ አዋጅ 341ን ባወጣንበት ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2003፣ ኬንያ ውስጥ ኬፕሳ የሚባል የግሉ ዘርፍ ጥምረት ተቋቋመ። ብዙ ማህበራትን በአንድ ጥላ ሥር ይዞ ከፕሬዝዳንቱ ጋር ሳይቀር ክብ ጠረጴዛ ይቀመጣል። መቅናት ይቻላል። ነገር ግን ጠረጴዛው ሲቀርብ አደጋውም ይቀርባል። ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ መነሳት የለመደ የማህበር መሪ አንድ ቀን «ይህ አያዋጣንም» ለማለት አፉ ይታሰራል። ማህበር የሚለካው ስንት ጊዜ እንደተጋበዘ ሳይሆን ተጋብዞ ምን እንዳለ ነው፤ ያለውንም አባላቱ ፊት መድገም መቻሉ ነው።

ታዲያ ለምን ዛሬ ይህን አነሳን? ሁለት ነገር ስለተቀየረ።

አንደኛው፣ ወሳኙ ቀርቧል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳማ ክልል ናት፣ ሐዋሳም መዲናዋ። ብዙ የዕለት ኑሯችንን የሚነካ መመሪያ የሚወጣው ከሱቃችን በእግር በሚደረስበት ቢሮ ነው። የባጃጅ መስመር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ክፍያ፣ የመሸጫ ቦታ፣ የሊዝ ዋጋ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባጃጆችን በአንድ ውሳኔ ከመንገድ ስታስወጣ እዚህ ሐዋሳ ባጃጅ በብድር የገዛ ጓደኛችን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። «እኛም ጋ ቢመጣ ማን ይናገርልናል?» አለ። ልብ በሉ፣ «ልናል» ነው ያለው። ፍርሃት ሰዋስውን ያስተካክላል።

ደግሞ እኮ ነገሩ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። በሲዳማ ባህል «አፊኒ» የሚባል ትልቅ ነገር አለ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ሰምቶ፣ እውነቱ ወጥቶ ነው የሚወሰነው። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መወሰን። የእኛ የመመሪያ ልማድ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ ከተወሰነ በኋላ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ይጠራል። ንግድ ምክር ቤት ሌላ ምንም ባይሠራ ይህን ቅደም ተከተል ቢያስመልስልን ይበቃናል።

ሁለተኛው የተቀየረው ግብሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃ ሐን አስቀርቷል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ደረጃ ለ ውስጥ ገብቶ ግብሩ ከሽያጩ ላይ ይሰላል። ለመንግሥት ይቀላል፤ ለብዙ ነጋዴም ከገማች ጋር ከመጨቃጨቅ ይሻል ይሆናል። እስቲ ግን አብረን እናስላ። አንድ ስኳርና ዘይት የሚቸረችር ሱቅ ከመቶ ብር ሽያጭ 4 ብር ይተርፈዋል እንበል። አንድ ጸጉር ቤት ደግሞ ከመቶ 40 ብር። ሁለቱም በዓመት 400 ሺህ ብር ቢሸጡ ለባለ ሱቁ 16 ሺህ፣ ለጸጉር ቤቱ 160 ሺህ ብር ይተርፋል። ግብሩ ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ሲሰላ፣ መጠኑ በዘርፍ ካልተለየ በቀር፣ ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ። ለአንዱ ቀላል ነው፣ ለሌላው ሱቅ መዝጊያ ነው።

ይህን ለመናገር ማመልከቻ አይበቃም። ባለ ሱቁ ብቻውን ሄዶ «ትርፌ ትንሽ ነውና ይቀነስልኝ» ቢል «ሕጉ ነው» ይባላል፣ መላሹም ልክ ነው። መልሱ ያለው የብዙ ሱቆች የግዢና የሽያጭ ወረቀት ተሰብስቦ፣ በዘርፍ በዘርፍ ተለይቶ፣ «የዚህ ሥራ ትርፍ ይህን ያህል ነው፣ መጠኑ እንዲህ ቢሆን ሱቁም አይዘጋም ግብሩም አይቀርም» የሚል ጥናት ሆኖ ሲቀርብ ነው። ጥናቱን ለማሠራት ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከመዋጮ ካልመጣ ከባዛር ወይም ከለጋሽ ይመጣል። ያኔ ምክር ቤቱ የሚሰማው ደግሞ ድንኳን የሚከራየውን ወይም ገንዘብ የሚሰጠውን ነው። የማን ድምጽ እንደሚወጣ የሚወስነው ማን እንደከፈለ ነው፤ መራራ ቢሆንም እውነት ነው።

የሚገርመው መዋጮ የማናውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። እድር ላይ አንድ ወር የሚያሳልፍ የለም። እቁብ ላይ ተበድሮም ይጥላል። እድር የምንከፍለው ስንሞት ድንኳን እንዲተከልልን ነው። በሕይወት እያለን ሱቃችን እንዳይዘጋ ለሚሟገት ማህበር ግን «ምን ያደርግልኛል?» እንላለን። ለሞታችን ተደራጅተናል፣ ለኑሯችን ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን።

ምክር ቤቶቻችን ንጹሕ ናቸው እያልን አይደለም። በእድሜ የገፉ፣ ለስልጣን የሚሻኮቱ፣ ወጣትና ሴት በጣት የሚቆጠርባቸው ናቸው ብትሉ አንከራከርም። ይህ ግን ለመግባት ምክንያት ነው እንጂ ለመቅረት አይሆንም። ባዶ ወንበር ሁልጊዜ ሰው ያገኛል፤ እኛ ካልተቀመጥንበት ሌላው በእኛ ስም ይቀመጥበታል። ገብቶም ዝም ማለት የለም። ባለፈው ዓመት ስለ አባላት የትኛው ሐሳብ ለመንግሥት ቀረበ? በጽሁፍ ነው ወይስ በቃል? ምን መልስ ተሰጠ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጉባኤ ላይ ተነስቶ የሚጠይቅ አንድ ሰው የስብሰባውን መልክ ይቀይራል።

የጋሼን ነገር ግን አንርሳ። «ተሰብስበህ ስትመጣ ይጠረጥርሃል» ያሉት እውነት ነው። ጥርጣሬውን የሚቀንሰው ብቸኝነት አይደለም፤ ልማድ ነው። ችግር ሲመጣ ብቻ በነቂስ የሚወጣ ነጋዴ አድማ ይመስላል። በየሩብ ዓመቱ ቁጥሩን ይዞ የሚመጣ ማህበር ግን ቀስ በቀስ የሥራ ባልደረባ ይሆናል።

እንግዲህ በከተማችሁ የምክር ቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የሐዋሳውን ቀን የሰማ ካለ ለእኛም ይንገረን፣ አብረን እንገባለን።

ቸር እንሰንብት!